የሐያት ዝምታ

ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ ሳትበረታ በእግሩ ወዲያ ወዲህ የሚል ጎልማሳ ካያችሁ፣ ወይ ባጃጅ አጥቷል፣ ወይ ሐኪም አዞታል። እኔን ሐኪም አዞኝ ነው። ሕመሙ ግን የኔ አልነበረም። የልጄ ነው፤ ያውም ሕመም ከተባለ።

ሐያት ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ አንድ ቃል አልወጣትም። ውሃ ስትፈልግ ጣቷን ትቀስራለች፤ እናቷ ዘይነብ ሮጣ ትሰጣታለች። ስታለቅስ እኔ ስልኬን አቀብላታለሁ፤ ጸጥ ትላለች። እናቴ መጀመሪያ ላይ፣ "ኢንሻ አላህ ትናገራለች፣ አባቷም ዘግይቶ ነው የተናገረው" ትል ነበር። እየቆየ ግን፣ "በእኛ ወገን እንዲህ ያለ ነገር የለም" ማለት ጀመረች። የኔን መዘግየት የት እንዳደረሰችው እንጃ! ዘይነብ ሰማች፤ ልጇን አቅፋ ወደ ጓዳ ገባች። በእናቱና በሚስቱ መካከል የቆመ ሰውስ ምን ይላል? ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ "ራት ቀርቧል" እና "በሩን ዝጋው" ካልሆነ በቀር ወሬ ጠፋ።

በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወሰድናት። የጣርማ በርን ዳገት ስንወጣ ዘይነብ ልጇን በሻርፗ ጠቅልላ በአንዱ መስኮት ታያለች፤ እኔ በሌላው። ሐኪሞቹ ጆሮዋን መርምረው ደህና ነው አሉንና ወደ አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ መሩን። ወጣት ናት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ከሐያት ጋር ኳስ ስታንከባልል ቆየችና ቀና አለች።

"እናንተ ቤት ውስጥ ስለ ምን ታወራላችሁ?"

እኔ ዘይነብን አየሁ። ዘይነብ ኳሷን አየች።

ባለሙያዋ አልገፋችንም። ስልኩን ቀንሱ አለች። ጣቷን ስትቀስር ቶሎ አትስጧት፣ ትንሽ ጠብቋት። ጠዋት ጠዋት በእግር ይዛችኋት ውጡና ያያችሁትን ሁሉ በስሙ ጥሩላት፤ ለራሳችሁም ጤና ጥሩ ነው አለች፣ ሆዴን እያየች። ከዚያ፣ "ሌላ እርዳታ ካስፈለጋት እያመጣችኋት እናያለን። የማንም ጥፋት አይደለም" አለችን። ይቺን የመጨረሻዋን ስትሰማ ዘይነብ አለቀሰች።

እንግዲህ ወጣን። "ይቺ አህያ ናት፣ ያ ግመል ነው" እያልኩ ስለፈልፍ ማንጎ የሚሸጡት እትዬ ከድጃ፣ "አንተ ልጅ፣ ደህና አይደለህም እንዴ?" አሉኝ። ዘይነብ ከት ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ከዚያ ወዲያ እሷም ገባችበት። "ሐያት፣ አባትሽ በሬውን ላም አለው" ትላለች፤ እኔ እከራከራለሁ። ልጅቷን እናናግር ብለን እኛው መነጋገር ጀመርን።

እናቴ ጋም ሄጄ ባለሙያዋ ያለችውን ነገርኳት። "እኔ መች ጥፋት ነው አልኩ?" ብላ ተቆጣች። በማግስቱ ግን ምርኩዟን ይዛ በራችን ላይ ቆማ አገኘናት። "ጉልበቴን ያፍታታልኛል" አለችና ወደ ዘይነብ ዞረች። "ነይ፣ እጄን ያዢኝ።" ይቅርታ መጠየቋ ነው። እናቴ ከዚህ የረዘመ ይቅርታ አታውቅም። ዘይነብም ያዘቻት።

ሐያት ቀስ በቀስ "ውሃ" አለች፣ ከዚያ "ማንጎ"። አንድ ጠዋት ድልድዩ አጠገብ ደርሰን፣ የጎረቤታችን ሰርግ ላይ ማን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ሦስታችን እየተሻማን እናወራለን። ሐያት ወንዙ ውስጥ ያየችውን ነገር ልታሳየን እጄን ትጎትታለች። ማን ይስማት? በመጨረሻ ቆመች። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጮኸች።

"ዝም በሉ!"

ሁለት ቃል። ሙሉ ዐረፍተ ነገር! እናቴ "አልሐምዱሊላህ!" ብላ ምርኩዟን ጣለች፣ ዘይነብ ልጇን አንስታ ሳመቻት፣ እኔ የማደርገው ጠፋኝ። ሦስታችንም በአንድ አፍ እንንጫጫለን።

የመጀመሪያ ትእዛዟን ግን አልፈጸምንላትም።