ሸክላው ሲተነፍስ

ሳይጠየቅ የሚፈርድ ጆሮ የሌለበት ከተማ የለም። የቢቸናው ጆሮ ክቡር አቶ ባዘዘው ነበሩ።

ክቡርነታቸው በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ሦስት ወር ተምረው ጠፍተዋል። ከዚያ የቀራቸው አንድ ፍርድ ነው፤ "ሰሙ ጠርቷል፤ ወርቁ የለም!" ካሴት በሰሙ ቁጥር ይሉታል። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ መፈክር ሲያሰማም አምልጧቸው፣ ስለ መሣሪያው ብቻ መናገራቸውን ለሊቀ መንበሩ እስኪያስረዱ ላብ አጥምቋቸዋል።

ወርቁ ያለው በእሳቸው ሸክላ ላይ ብቻ ነው፤ ሾፌር ሳሉ ከአስመራ ያመጡት፣ አንድ ፈረንጅ ሳክስፎን የሚነፋበት። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤት ይሰበስባሉ። ሸክላው እንደሚቆላ ተልባ ይንጣጣል፤ እሳቸው በላዩ ይሰብካሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ባንቺዓለም ሃያ ዓመት ሙሉ የለመኑት አንድ ጸጥ ያለ ቅዳሜ ነበር።

በ1980 ከሞጣ የተዛወረው መምህር ወልደ ኪዳን፣ ወንድሙ ከጀርመን የላከለትን የሲዲ ማጫወቻ ይዞ መጣ። ሲዲው ላይ ያለው ያው ፈረንጅ፣ ያው ዜማ።

"ጋሽ ባዘዘው፣ ይቺ መርፌ የላትም። በብርሃን ነው የምታነበው።"

"መብራት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚዘፍነው?" ቤቱ በሳቅ አውካካ። "ስማ መምህር፤ ወርቅ ከተገኘባት፣ ሁለተኛ ስለ ድምፅ ትንፍሽ አልልም!"

"እግዜር ይስማህ" አሉ ወይዘሮ ባንቺዓለም።

አቶ ባዘዘው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ደፉ።

"ተነፈሰ" አሉ።

"ማን?"

"ሰውየው። ከመንፋቱ በፊት አየር ሳበ። ሃያ ዓመት ቤቴ ሲኖር፣ ሲተነፍስ አልሰማሁትም።" ማዳመጫውን እንደ መስቀል ተሳልመው መለሱ። "ወርቅ አላት፣ መምህር።"

ቃላቸውንም ጠበቁ። ሁለት ቅዳሜ የሸክላ ማጫወቻቸው ተሸፍኖ፣ እሳቸው ግድግዳ እያዩ ዋሉ። ወይዘሮ ባንቺዓለም የለመኑት ጸጥታ ደረሳቸው፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ግን አልቻሉትም። ሸክላውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መርፌውን ራሳቸው አሳረፉ። ተልባው ተንጣጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ የቱ ጋ ነው የሚተነፍሰው?"

አቶ ባዘዘው ትንፍሽ ሳይሉ አንድ ጣት አነሡ። ቆይ። ቆይ። ጣታቸው ወረደች።

ከተልባው ሥር፣ በጣም ከሩቅ፣ አንድ ሰው አየር ሳበ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ቤት ውስጥ እንግዳ የገባ ይመስል ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ሰማሽው?" አሉ ባልየው፤ መሐላው ፈረሰ።

"ሰማሁት" አሉና፣ በሩን ለጎረቤት ሊከፍቱ ተነሡ።