ከጭብጨባ በኋላ የመጣ ድንጋጤ

ድንጋጤ ሁልጊዜ በሰዓቱ አይደርስም። አንዳንዱ እንደ መብረቅ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ መንገድ ላይ እንደተበላሸ አውቶቡስ፣ ጠባቂው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ይመጣል። የኔው የሁለተኛው ዓይነት ነው።

እሑድ ነው። የጋምቤላ ሙቀት ቤተ ክርስቲያናችን ድረስ ገብቶ አብሮን ያመልካል። ስብከቱ አልቆ እኔ በልቤ ምሳ ጀምሬያለሁ። ማስታወቂያ አንባቢው ተነሣና የሁለት ወጣቶችን መተጫጨት አበሠረ። «እህት ትዕግሥት ተሰማ...» ሲል ጉባኤው አጨበጨበ፤ የወንዱን ስም ጭብጨባው ዋጠው። እኔም አጨበጨብኩ። እንዲያውም ከጎኔ ወደተቀመጠው ወደ ጋትሉዋክ ጠጋ ብዬ፣ «ወላጆቿ የታደሉ ናቸው» አልኩት።

እጄ ሳይወርድ ክው አልኩ። ተሰማ እኮ እኔ ነኝ! ልጃችንን ሚሚ ስንል ኖረን፣ ራሴ ያወጣሁላትን ስም እንደ ባዳ ስም ሰማሁት። ዞሬ ባለቤቴን ባያት ጣራውን ታያለች። ሚሚ ከመዘምራኑ መሀል ፊቷን በእጇ ሸፍናለች።

ጋትሉዋክ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ደቡብ ሱዳን ዘመዶቹ ዘንድ የተማረ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከጎኔ መቀመጥ የሚወድ ጨዋ ልጅ።

«ጋሼ፣ ይሄ በእንግሊዝኛ ስም አለው፤ ደብል ቴክ ይባላል» አለኝ። ላቡ ይንቆረቆራል።

«ምኑን ነው ሁለት ጊዜ የወሰድኩት?»

«መውሰድ አይደለም። አንድ ነገር አይተው ዝም ብለው ያልፋሉ። ከዚያ ነገሩ ይገባዎትና ደንግጠው እንደገና ያያሉ። ‹ሰውዬው ደብል ቴክ አደረገ› ይባላል።»

የሰው አገር ሰው ለአንገት መዞር እንኳ ስም ያወጣል! እኔ ግን ለትምህርት ጊዜ አልነበረኝም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

«ሽማግሌ ሳይላክ? አባት ሳይጠየቅ?» ብዬ ልነሣ ስል እጄን ያዘኝ።

«ሽማግሌዎቹ ዛሬ ከሰዓት ነው የሚመጡት። ማስታወቂያው የሚቀጥለው እሑድ ነበር። አንባቢው ተሳስቶ ቀደመ።»

«አንተ ይህን ሁሉ በምን አወቅህ?»

ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«ለመሆኑ ማነው ይሄ ደፋር?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

አንገቴ ምን እንዳደረገ ራሱ ጋትሉዋክ ይንገራችሁ።

ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ሲመጡ፣ እንደ ወጉ ደጅ አቁሜ ላስለምናቸው ቆርጬ ነበር። ባለቤቴ ግን ማዕዱን ዘርግታ፣ የበጉን ወጥ አቅርባ ጠበቀቻቸው። ተታለልኩ ብዬ እንዳልጮህ፣ ያን በግ ትናንት ከገበያ ጎትቶ ያመጣው፣ ያረደው፣ የገፈፈውም እኔው ነኝ። ለምን እንደሆነ ብቻ አልጠየቅኩም።