የወይዘሮ ሁሪያ ብሎግ ፍሪጅ እንዲገባ የተወሰነበት ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሎጊያ፣ የአቶ አህመዲን ሆቴል፣ የምግብ አዳራሹ ግራ ጥግ (ቬንትሌተሩ የሚሠራበት)
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 3፡40 ተጀመረ

የተገኙ፦
አቶ አህመዲን፣ የሆቴሉ ባለቤት፣ ሰብሳቢ
አቶ ሸዋንግዛው፣ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር፣ አባል
አቶ አብዱልበሲጥ፣ ስልክና ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ አባልና የቴክኒክ ኃላፊ
ወ/ሪት ፀዲ፣ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ፣ ጸሐፊ (እጅ ጽሑፏ ይነበባል ተብላ የተሾመች)
ወ/ሮ ሁሪያ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ የብሎጉ ባለቤት፣ ያለ ድምፅ

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስት ሰው ያስፈልግ ስለነበረና አባላቱ አራት ብቻ ስለሆኑ፣ ወ/ሮ ሁሪያ ለቁጥር ያህል እንዲቆጠሩ ተደርጎ ተሟልቷል።

መነሻ፦ ወ/ሮ ሁሪያ ሾፌሮች ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው የሚያጫውቷቸውን «ጎማ ሲቀየር» በተባለው ብሎጋቸው ላይ መጻፍ ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ብሎጉ የቆየው በነፃ በሚሰጥ የውጭ አገልግሎት ላይ ሲሆን፣ አገልግሎቱ በምትኩ ጽሑፎቹ መሃል ማስታወቂያ ያስገባል። ባለፈው ወር ዲቾቶ አጠገብ በመኪና አደጋ ስላረፉት ሾፌር ሙሐመድሰዒድ የተጻፈው ሲወጣ፣ ልክ አደጋው የተተረከበት ቦታ ላይ «ቦርጭዎን በአስር ቀን ድራሹን ያጥፉ» የሚል ማስታወቂያ ገብቶ ተገኝቷል። ይህን ምሳ ላይ ሆነው ያዩ የሆቴሉ ደንበኞች፣ የሟች ባለቤት ወ/ሮ ፋሪሃ ሳያዝኑ አይቀሩም በማለት ይህን ኮሚቴ አቋቁመዋል። ወ/ሮ ፋሪሃ አልተጠየቁም። ወ/ሮ ሁሪያም ኮሚቴው መቋቋሙን የሰሙት በማግስቱ ነው።

አጀንዳ 1፦ ብሎጉ በራስ ሰርቨር ይሁን ወይስ ሌላ በሚያስተዳድረው አገልግሎት ይቀጥል

አቶ አብዱልበሲጥ ልዩነቱን እንዲያስረዱ ተጠይቀው፣ የራስ ሰርቨር የራስ ቤት እንደማለት መሆኑን፣ ሌላው ግን የኪራይ ቤት ስለሆነ አከራዩ ግድግዳው ላይ ያሰኘውን ሊለጥፍ እንደሚችል አስረድተዋል። ሰብሳቢው አሥራ ስምንት ክፍል የሚያከራዩ ሰው መሆናቸውን አስታውሰው፣ ንግግሩ ማንን ለመንካት እንደሆነ ጠይቀዋል። አቶ ሸዋንግዛው ንግግሩ ማንንም እንደማይነካ፣ ይሁን እንጂ እሳቸው ባረፉበት ሰባት ቁጥር ክፍል ውሃ ከጠፋ ሁለት ሳምንት መሆኑ እግረ መንገዱን እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ይህ አጀንዳ አይደለም ሲሉ፣ አቶ ሸዋንግዛው ትከሻቸው ላይ ያለውን ደረቅ ፎጣ በማስረጃነት አቅርበዋል። ስለ ውሃ ታንከሩ ሃያ አምስት ደቂቃ ውይይት ተደርጓል። በዚህ መሃል ወ/ሮ ሁሪያ እጃቸውን አውጥተው የነበረ ሲሆን ድምፅ ስለሌላቸው እንዲያወርዱ ተደርጓል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ብሎጉ ወደ ራስ ሰርቨር እንዲዛወር በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊዋ እጇን ያላወጣችው እየጻፈችበት ስለነበረ ነው።

አጀንዳ 2፦ ሰርቨሩ የት ይቀመጥ

አቶ አብዱልበሲጥ ሰርቨር የሚሆን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ የብሎጉን ጽሑፎች በሙሉ እንደገለበጡበት፣ ችግሩ ግን በግንቦት ሙቀት በየሃያ ደቂቃው የሚጠፋ መሆኑን ገልጸዋል።

አቶ ሸዋንግዛው የመኪናቸው ጋቢና አየር ማቀዝቀዣ እንዳለው፣ ሞተሩም ቀን ሙሉ እንደማይጠፋ በመግለጽ ሰርቨሩን ለመጫን ጠይቀዋል። ሰብሳቢው መኪናው የጋላፊን ኬላ ሲያልፍ ብሎጉ የት ነው የሚባለው ብለው ጠይቀው፣ «ጅቡቲ ነዋ» የሚል መልስ አግኝተዋል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያስፈልገዋል አያስፈልገውም በሚለው ላይ ስምምነት ያልተደረሰ ከመሆኑም በላይ፣ ከድንበሩ ወዲህ አዳይቱ ከተማ ያሉ አንባቢዎች ብሎጉን የሚያገኙት መኪናው ሲመለስ ብቻ ነው የሚል ስጋት ስለተነሳ ሐሳቡ ወድቋል።

ሰብሳቢው የሆቴሉን የለስላሳ ፍሪጅ እንደሚፈቅዱ፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ በዕለቱ የምግብ ዝርዝር መጀመር እንዳለበት ተናግረዋል። አቶ አብዱልበሲጥ መቅደም ያለበት አዲስ የገባው የስልክ ከቨር ነው ብለው ተከራክረዋል። ጸሐፊዋ ኮሚቴው የተቋቋመው ማስታወቂያን ለማስቀረት እንደነበር አስታውሳ፣ ይህ ማስታወቂያ ሳይሆን መረጃ መሆኑ ተነግሯታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የምግብ ዝርዝሩ ከላይ፣ የስልክ ከቨሩ ከታች፣ የወ/ሮ ሁሪያ ጽሑፍም ቦታ ከተረፈ መሃል ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ከጠዋቱ 4፡55 ላይ ኮምፒውተሩ ፍሪጅ ገብቷል።

5፡20 ላይ መብራት ጠፋ። 5፡35 ተመልሶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ከፍሪጁ በቀለጠ በረዶ ርሶ ተገኝቷል፤ ቢነካካም አልነሳ አለ። አቶ አብዱልበሲጥ ጭንቅላታቸውን ይዘው «በቃ፣ ሁሉም ጠፋ» ብለዋል።

ይህ ሲነገር ወ/ሮ ፋሪሃ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወ/ሮ ሁሪያን ፈልገው ከሰመራ መጥተው፣ ሱቅ ሲያጧቸው እዚህ ናቸው ተብለው ነው። «የሙሐመድሰዒድም ጠፋ?» ብለው ጠየቁ።

ሰብሳቢው ወንበር አቅርበዋል።

ወ/ሮ ሁሪያ እጃቸውን ሳያወጡ ተነስተው እንዲህ ብለዋል፦ «አልጠፋም፣ ፋሪሃ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ግልባጭ ነው። ብሎጉን ሐሙስ ዕለት ማስታወቂያ ወደማያስገባ፣ ሰርቨሩን ባለቤቶቹ ራሳቸው ወደሚጠብቁበት ቦታ በክፍያ አዛውሬዋለሁ። እኔ ሰርቨር ሳቀዘቅዝ አልውልም፤ እሱን ስጠብቅ መቼ ልጽፍ ነው? የጻፍኩትን ግን በየሳምንቱ ገልብጬ ቤቴ አስቀምጣለሁ። የእኔ ነውና።»

ሰብሳቢው ይህን ለምን ቀደም ብለው እንዳልገለጹ ጠይቀው፣ ወ/ሮ ሁሪያ እጃቸውን አውጥተው እንደነበር ከቃለ ጉባኤው ተነብቦላቸዋል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው በማስታወቂያው ምክንያት ለደረሰው ሐዘን ወ/ሮ ፋሪሃን በኮሚቴው ስም ይቅርታ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ፋሪሃ የመጡት ለዚያ አለመሆኑን ገልጸዋል። «ማስታወቂያውንማ አይቼዋለሁ። እሱ አላህ ይዘንለትና ቢያየው ሲስቅ ይውል ነበር። ቦርጩ መሪው ላይ ነበር የሚያርፈው» ብለዋል። አቶ ሸዋንግዛው ይህ እውነት መሆኑን መስክረው ጥቂት ከሳቁ በኋላ ፊታቸውን በፎጣው ሸፍነዋል።

ወ/ሮ ፋሪሃ ቀጥለው የመጡበትን ተናግረዋል፦ «ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣ ነበር ብለሽ ጽፈሻል። አራት ማንኪያ ነበር የሚያደርገው። ልጄ ስታድግ የምታነበው እሱን ነው፤ የሌላ ሰው አባት እንዳይመስላት።»

ወ/ሮ ሁሪያ ስልካቸውን አውጥተው እዚያው አስተካክለዋል። ወ/ሮ ፋሪሃ ተቀብለው ሁለት ጊዜ አንብበዋል። በዚህ ላይ ውይይት አልተደረገም።

ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ኮምፒውተሩ ፀሐይ ላይ እንዲሰጣ፣ ኮሚቴውም ከዚህች ሰዓት ጀምሮ እንዲፈርስ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ስብሰባው ለዙሁር ሶላት ሲባል 6፡20 ላይ የተበተነ ሲሆን፣ ወ/ሮ ፋሪሃ ስለ ባለቤታቸው የሚነግሯቸው ሌላም እንዳለ ለወ/ሮ ሁሪያ በመግለጻቸው ሁለቱ ጥጉን ይዘው ቀርተዋል። የተነጋገሩት በዚህ ቃለ ጉባኤ አልተያዘም።