የግሬናሽ ወገንና የሲራ ወገን

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የለንደን ሐበሻ በእድሩም በሰልፉም በሠርጉም ለሁለት መከፈሉ እንቅልፍ የነሳቸው ታላቁ ሰው አቶ እንግዳወርቅ፣ ብዙ ካወጡ ካወረዱ በኋላ መድኃኒቱን አገኙት፦ የፈረንሳይ ወይን ጠጅ። አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ደቡብ ፈረንሳይ ደርሰው ተመልሰዋልና ሊቅነታቸውን የተጠራጠረ አልነበረም። «ፖለቲካ ያጣላል፤ ወይን ጠጅ ግን ሕግ አለው» ብለው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር አዳራሽ ተከራዩና ማኅበር መሠረቱ። ማኅበርተኛው የአንዲት የፈረንሳይ መንደር ወይን ጠጅ ብቻ እንዲጠጣ፣ ከመጠጣቱም በፊት እንዲወያይበት ተደነገገ።

ውይይቱ ፍሬ ለማፍራት አልዘገየም። በሦስተኛው ስብሰባ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ።

የመንደሯ እውነተኛ የወይን ዘር ግሬናሽ የሚባለው ነው ያሉት በታክሲ ነጂው በኪዳኔ ተመሩ። የለም፣ ሲራ የሚባለው ነው ያሉት ደግሞ የኪዳኔን እኅት ዘውዴን መሪ አደረጉ። ሁለቱም የወይን ተክል በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ይህም አቋማቸውን ከማናቸውም የውጭ ተጽዕኖ ጠበቀው። አራት ወር ሙሉ እኅትና ወንድም አልተነጋገሩም። የፋሲካ ዕለት እንኳ ኪዳኔ ባተርሲ እኅቱ ቤት ሳይሄድ፣ ብቻውን እንቁላል ጠብሶ ፈሰከ።

ይህን የሰማው አክረም የኪዳኔ የጥንት ጓደኛ ነው። አክረምና ኪዳኔ ለንደን የገቡት በአንድ ዓመት፣ የኖሩትም በአንድ የስደተኛ ክፍል ነው፤ አክረም ሳንባውን በታመመ ጊዜ አጥሚት እያመላለሰች ያዳነችው ዘውዴ ናት። አሁን ሂትሮው አየር ማረፊያ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ከውጭ የሚገባ መጠጥ ሰነድ ያጣራል። ሙስሊም ነውና አንድ ጠብታ ቀምሶ አያውቅም፤ የመንደሯን የወይን ጠጅ ሕግ ግን ሥራው ስለሆነ አንብቦታል። ላስታርቃቸው ብሎ ሲመጣ አቶ እንግዳወርቅ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት።

«አቶ አክረም አይጠጡም» ሲሉ ለጉባኤው አስረዱ። «ስለዚህ ገለልተኛ ዳኛ ናቸው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ።

«አክረም፣ ለወንድሜ ንገርልኝ» አለች ዘውዴ፣ ወንድሟ ክንዷ ሥር ተቀምጦ ሳለ። «ግሬናሽ ለልጆች ጁስ ነው በለው።»

«አንተም ለእኅቴ ንገርልኝ» አለ ኪዳኔ። «ሲራ የበቅሎ መድኃኒት ነው በላት።»

«ሥነ ሥርዓት!» አሉ አቶ እንግዳወርቅ። «የሕልውና ጉዳይ ነው!»

አክረም ከኪሱ ወረቀት አወጣ።

«ሕጉ አጭር ነው። ፍሬው በእጅ ይለቀማል። አንድ ሄክታር ከተወሰነለት በላይ ከሰጠ ትርፉ አይቆጠርም። የመንደሯን ስም ለመያዝ ደግሞ ግሬናሽና ሲራ የግድ መቀላቀል አለባቸው። አንዱ ብቻውን ከተጠመቀ ስሙን አያገኝም።»

«ታዲያ ይሄ እስከ ዛሬ የምንጠጣው?» አለ ኪዳኔ።

«ቅልቅል ነዋ። ጠርሙሱን ቼክ አድርገው፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል።»

ኪዳኔ ጠርሙሱን አዞረ፣ አነበበ፣ ለእኅቱ አቀበላት። እሷም አነበበች። ወንድምና እኅት ከአራት ወር በኋላ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አክረም በልቡ ሊታረቁ ነው አለ። እውነትም ታረቁ።

«ኪዱ» አለች ዘውዴ በለሰለሰ ድምፅ፤ «ይሄ ሰው ለመሆኑ ቀምሶ ያውቃል?»

«የት አባቱ ቀምሶ!»

«ታዲያ ስለ ወይን ምን ያውቃል?»

«እኮ! እኔስ እሱን አይደል የምልሽ፣ ዘውድዬ።»

አቶ እንግዳወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተከበራችሁ ማኅበርተኞች! በገለልተኝነቱ ተማምነን የመረጥነው ሰውዬ ሕጉን አስቀድሞ አንብቦ ተገኝቷል። ሕጉን ያነበበ ሰው እንዴት ብሎ ገለልተኛ ይሆናል?»

ጭብጨባው ጣሪያውን አነቃነቀ። ይባረር የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ከግሬናሽ ወገንም ከሲራ ወገንም እጁን ያላወጣ ሰው አልተገኘም። የኪዳኔና የዘውዴ እጆች እኩል ነበር የተነሡት።

አክረም ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። በሩ ጋ ዘወር ሲል ዘውዴ ለወንድሟ እየቀዳችለት፣ እሱም «በቃኝ፣ በቃኝ» እያለ ብርጭቆውን ሲያስጠጋ አየ። ከፋው፤ ደስም አለው።

እስከ ደጃፍ የሸኙት አቶ እንግዳወርቅ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ሰላም አወረድህልን፤ አላህ ይስጥህ» አሉት። «በሚቀጥለው እሑድ እንዳትመጣ።»