የተከፋፈለውን ፓርቲ በአንዲት ታጣፊ ወንበር አንድ ያደረጉት የጋሽ ዋለ ዜና

የሰውን ሁሉ ነገር ሳይሰለች ለሚሰማ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና፥ በዘመነ ዮሐንስ፥ በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፥ በወርኃ መጋቢት፥ በዕለተ ቀዳሚት፥ ጋሽ ዋለ በነጯ ቫን ላይ በነገሡ በአራተኛው ዓመት፥ ይኸውም የቫኒቱ ቀኝ መስታወት በፕላስተር በታሰረበት ዓመት፥ በአሜሪካ፥ በሚኒሶታ ግዛት፥ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አገር የሆነው እንዲህ ነው።

እኒህ ጋሽ ዋለ፥ ታማሚን ወደ ሐኪም የሚያደርሱ፥ ደኅናውንም ካደረሱ በኋላ ሒሳብ የሚረሱ፥ ትምህርት ቤት ብዙ ሳይቆዩ ሬዲዮ በመስማት፥ ስብከት በመስማት፥ የተሳፋሪ ሮሮ በመስማት የተማሩ፥ ጆሮ ሰፊ፥ አፈ ቁጥብ፥ የአንድ ጉልበት አንበሳ ነበሩ፤ ሁለተኛው ጉልበታቸው ብርድ አይወድምና።

በዚያም ወራት ፓርቲው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ለግዛቲቱ ምክር ቤት ማን ይወክለን ሲባል፥ እኩሌታው ጠበቃውን፥ እኩሌታው ቤት ሻጩን ይዞ አልለቅም አለ። የእኛም የሐበሻ ሰዎች እንደዚያው ተከፍለው፥ የሆፕኪንሱ አቶ ዲንሳ ከነሠራዊታቸው ከጠበቃው ጋር፥ የሪችፊልዱ አቶ ምንዳዬ ከነሠራዊታቸው ከቤት ሻጩ ጋር ተሰለፉ። የጠባቸው ሥር ግን ጠበቃውም ቤት ሻጩም አልነበረም፤ በሚሌኒየሙ በዓል አቶ ምንዳዬ ማይክ ጨብጠው ንግግር ሲያደርጉ፥ አቶ ዲንሳ ድፎ ዳቦውን ስለ ቆረሱት ነው እንጂ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዱ የገባበት ሱቅ ሌላው አይገባም፤ አንዱ የወደደውን እጩ ሌላው አይወድም።

አቶ ዲንሳም እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፤ «የሆፕኪንስ ሰው፥ ስማ። ሰው ርቦት ነበር፥ ዳቦው እየደረቀ ነበር፥ ብቆርሰው ምን አጠፋሁ? ምንዳዬ ከቆመበት የቆመ፥ ከእኔ ጋር ሠርግም ለቅሶም የለውም።» አቶ ምንዳዬም በፈንታቸው አስነገሩ፤ «የሪችፊልድ ሰው፥ ስማ። ንግግሬ ሁለት ገጽ ብቻ ነበር የቀረው። ሰውዬው ቢላዋውን ያመጣው ከቤቱ ነው፤ አስቦበት ነው።» ሁለቱንም አዋጅ አስቀድመው የሰሙ ጋሽ ዋለ ነበሩ፤ ሁለቱም ለእሳቸው እየደወሉ ይለማመዱ ነበርና። እሳቸውም መሪ እንደ ጨበጡ፥ «እህ» ከማለት በቀር በማንም ላይ አልፈረዱም።

በመካከል ደግሞ ማንም የማያውቃት ሦስተኛ እጩ ነበረች። ስሟ ፈነት፥ ሥራዋ በአረጋውያን መኖሪያ የነርስ ረዳት፥ ሰው የሚያያት ቢኖር ከሌሊት ፈረቃ ስትወጣ በአውቶቡስ ፌርማታ ነው። አሳቧም አንድ ነበር፤ በዚያ ብርድ አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰው፥ ነፋስ የማይገባበት፥ ማሞቂያ ያለው መጠለያ ይሠራለት የሚል። እጩ እንድትሆን የገፏት ጋሽ ዋለ ናቸው፤ ከእድር ስብሰባ ሲወጡ፥ እናቷ እየሰሙ፥ «ሰው አለሽ» ብለው ነበርና። እርሷም እጩ በሚመረጥበት በፓርቲው ጉባኤ ዋዜማ አዋጅዋን ነገረቻቸው፤ «ጋሽዬ፥ ነገ ስሜ ከተጻፈበት ወረቀት ሥር እርስዎ ብቻ ከቆሙ፥ ወረቀቱን በገዛ እጄ አነሣዋለሁ። ሁለተኛ ሰው ፊት አልቆምም። እርስዎን ግን አልቀየምም።» ይህች የመጨረሻዪቱ ቃል ጋሽ ዋለን እንቅልፍ ነሳቻቸው፤ ብትቀየማቸው ይቀላቸው ነበር።

በነጋውም ጸሎታቸውን አድርሰው ዘመቱ። ሠራዊታቸውም ይህ ነበር፤ በቀኝ ስለ ጉልበታቸው የተያዘች ታጣፊ ወንበር፤ በግራ ስለ ሁዳዴ ጾም ወተት ያልገባበት የሻይ ፔርሙዝ፤ በኋላ ወንበር እማማ ሮማነወርቅ፥ የሆፕኪንስና የሪችፊልድ ሰው ሁሉ እናት፥ ስንቱን አራስ ያረሱ፥ ስንቱን ሙሽራ የመረቁ፤ በእማማም ጭን ላይ በጋቢ የተጠቀለለ የገንፎ ድስት። እማማ የወጡት ለፖለቲካ አልነበረም፤ በሆፕኪንስ አሰፋሽ ወልዳ ነበርና ለአራስ ጥየቃ ነው። ጋሽ ዋለ እምቢ ማለት ስለማይሆንላቸው ለፈነትም ለእማማም ለአንድ ጧት ቃል ገብተው ነበር። ጉባኤው በሚደረግበት ትምህርት ቤት ግቢ ፓርክ አድርገው፥ ሞተሩን ሳያጠፉ፥ የመዝሙር ካሴት አስገብተው እንዲህ አወጁ፤ «እማማ፥ ካሴቱ ሳያልቅ እመለሳለሁ።»

የጉባኤውም ሥርዓት እንዲህ ነበር። የሦስቱ እጩዎች ስም ተጽፎ በጂሙ፥ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ፥ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሕዝቡም በወደደው ስም ሥር ሄዶ ይቆማል፤ ሊቀ መንበሯ «ፍሪዝ»፥ ይኸውም ባለህበት ቁም፥ ያለች ጊዜ እግርህ ያለበት እርሱ ድምፅህ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቆጠራው እስኪያልቅ ማንም እግሩን አያነቃንቅም። በቀኝ የጠበቃው ወረቀት፥ በግራ የቤት ሻጩ፥ በመካከል በበሩ ትይዩ የፈነት ነበር። በቀኝና በግራ ሕዝብ እንደ አሸዋ ፈሰሰ። በመካከል ጋሽ ዋለ በታጣፊ ወንበራቸው ተቀምጠው ነበር፤ ፈነትም ከአጠገባቸው ቆማ የወረቀቷን ፕላስተር ጫፍ በጥፍሯ መላጥ ጀምራ ነበር። ጋሽ ዋለ ይህን አይተው፥ ሌላ የሚያደርጉት ቢያጡ በልባቸው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ።

አሜን ሳይሉ በሩ ተከፈተ። እማማ ሮማነወርቅ ድስታቸውን ታቅፈው ገቡና፥ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ አወጁ፤ «ዋለ፥ ካሴቱ ሁለት ጊዜ ተገለበጠ። አራሷ ትጠብቃለች፥ ገንፎው ይቀዘቅዛል፥ አንተ እዚህ ተቀምጠሃል።»

ጋሽ ዋለም «ኖር» ብለው ተነሡ፥ ወንበራቸውንም ለቀቁ፥ እማማም በፈነት ወረቀት ሥር ተቀመጡ።

ያን ጊዜ አቶ ዲንሳ በልባቸው አሰቡ፤ እኔ የእማማን ጉልበት ሳልስም ምንዳዬ ቢስም አገር ምን ይለኛል ብለው። አቶ ምንዳዬም ይህንኑ አሰቡ። ስለዚህ ሁለቱም ከየወረቀታቸው ሥር ተነቅለው ገሠገሡ። አቶ ዲንሳን የተከተሉ የፓርኪንግ ጠባቂዎች፥ የሆቴል አልጋ አንጣፊዎች፥ የሺሀረግ ከነእህቶቿ፤ አቶ ምንዳዬን የተከተሉ ባለ ታክሲዎች፥ የኤርፖርት ሻንጣ ጫኞች፥ ዙለይሃ ከነጓደኞቿ። ከድስቱ የወጣ የቅቤ ሽታም ጂሙን ሞላው፤ ጿሚው ሁሉ ፊቱን አዞረ፤ ዙለይሃ ግን ሁዳዴ አይመለከታትምና ክዳኑን ገልጣ አየች። ጉልበት የሳመ ዞሮ ያለውን ሰው ሁሉ ይጨብጣልና፥ አቶ ዲንሳ ሲዞሩ ከአቶ ምንዳዬ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እማማ እያዩ እጅ አይዘለልም። ተጨባበጡ፥ ሦስት ጊዜ ተሳሳሙ፥ አራተኛውን ማን እንደ ጨመረው አልታወቀም።

የሚኒሶታም ነጮች ሰልፍ ባዩ ጊዜ፥ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ከኋላ የሚቆሙ ትዕግሥተኛ ሕዝብ ናቸውና፥ ከጠበቃውም ከቤት ሻጩም ሥር እየወጡ ተራ ያዙ፤ አንዳንዱም ጉልበት ለመሳም ባርኔጣውን አወለቀ።

ሊቀ መንበሯም «ፍሪዝ» አለች።

ምድር ቀጥ አለች። አቶ ዲንሳ የቆሙበትን ያወቁ ያን ጊዜ ነው፤ ቢመለሱ ግን ምንዳዬ ከእማማ ጋር ሊቀር ነው። አቶ ምንዳዬም እንዲሁ። ሲያመነቱ ሳሉ እማማ ፈነትን አተኩረው አይተው አወጁ፤ «ይህችን ልጅ አውቃታለሁ። ያን የበረዶ ቀን ፌርማታው ላይ ስንቀጠቀጥ ሻርፗን አውልቃ ያለበሰችኝ ናት። ለእርሷ ነው የቆማችሁት? ደግ አደረጋችሁ።» ከዚህ በኋላ አይደለም የሚል ወንድ አልተገኘም። አቶ ዲንሳ «እኔ ከመጀመሪያው ብዬ ነበር» ሲሉ አስነገሩ፤ አቶ ምንዳዬም «ሁለት ገጽ ንግግር አለኝ» ሲሉ አስነገሩ፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ «ለሌላ ጊዜ» አላቸው። ፈነት ከእኩሌታው እጅግ የሚበልጠውን ሕዝብ አገኘች፤ የተላጠውንም ፕላስተር በአውራ ጣቷ መልሳ ለጠፈችው።

ጋሽ ዋለስ? ወንበራቸውን ከለቀቁ በኋላ ለመጣው ሁሉ «እለፉ፥ እለፉ» እያሉ፥ ወደ ኋላ እየሸሹ፥ ጀርባቸው ግድግዳ ነክቶ ነበር። ቀና ቢሉ ከአናታቸው በላይ ያለው የጠበቃው ስም ነው። አንድ እግር ለማንሣት አሰቡ፤ ነገር ግን ሕግ ሕግ ነውና፥ እግዚአብሔርም ያያልና፥ በአንድ ጉልበታቸው ቆመው ከጠበቃውና ከባለቤቱ ጋር ተቆጠሩ። ጠበቃውም ስለ ታማኝነታቸው እንባ አቅርሮ ጨበጣቸው፤ እሳቸውም «እህ» አሉ።

ከዚያም የሁለቱ ከተማ መኪኖች ነጯን ቫን ተከትለው፥ መብራት አብርተው፥ ጥሩምባ እየነፉ ወደ ሆፕኪንስ ወረዱ፤ አሰፋሽም ያን ሁሉ ሕዝብ በመስኮት አይታ ልጇን ታቅፋ ተደበቀች። ገንፎው በረዶ ሆኖ ነበር። ፈነት በመንገድ ላይ ሳቋን መያዝ አቅቷት እንዲህ አውጃ ነበር፤ «ጋሽዬ፥ አገሩ ሁሉ ቆመልኝ። የቀሩት እርስዎ ብቻ ናቸው።»

ምስጋና ለጋሽ ዋለ፥ ለሰማዔ ኵሉ፥ ለመኰንነ ቫን፥ ለጠላት ድምፅ ሰጥተው ወዳጅን ላነገሡ! ሰይፍ ያላስታረቀውን በመነሣት ያስታረቁ፥ ማይክ ያልሰበሰበውን በዝምታ የሰበሰቡ፥ እነሆ ስማቸው ከሆፕኪንስ እስከ ሴንት ፖል ከፍ ይበል፤ ታጣፊዪቱ ወንበር ትከበር፤ ያ ጉልበታቸውም አንድ ቀን ነፋስ በማይገባበት መጠለያ፥ በማሞቂያ ሥር፥ አውቶቡስ ሳይጠብቅ እንዲሁ ተቀምጦ ይሙቅ። አሜን።