ሊቀ ማውጫና የአዲሱ ሲስተም መጽሐፍ

ያን ክረምት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሽታው ነው። የረጠበ ካፖርት፣ ጃንጥላ የተንጠባጠበበት ጣውላ፣ ከካርቶን የወጣ አዲስ ፕላስቲክ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ እኛ የጽሕፈት ክፍል ሴቶች ጣታችንን እያፍተለተልን እንቀመጣለን። ኮምፒውተሮቹ ከነሲስተማቸው ሊቀየሩ ነው ተባለ። የለመድነው ሁሉ ቦታውን ሊለቅ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ፈተና አለ፤ ያለፈ ይቀራል፣ የወደቀ ይሄዳል። አስተዳዳሪው ይህን የነገሩን ምሳ በልቶ እንደጨረሰ ሰው አፋቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነው። እኔ ባሌን ከቀበርኩ ዓመት አልሞላኝም፤ ልጆቼም ገና አልደረሱም ነበር።

መቼም መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ መራጭ አያጣም። እሱ የማይበላውን ምግብ ለሌላው የሚያማርጥ፣ የማይሄድበትን መንገድ የሚጠቁም፣ ሳይጠሩት ከተፍ የሚል ሰው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም ጎረቤታችሁ ነው።

የእኛው መራጭ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። መጽሐፍ ከእጃቸው ሲገባ ከማውጫው ስለሚጀምሩ ስማቸውን ትተን "ሊቀ ማውጫ" አልናቸው። ማዕረጉን ሳይቃወሙ ተቀበሉ። ቀጭን ናቸው፤ የኮታቸው ኪስ መጽሐፍ ሳይኖርበትም የመጽሐፍ ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። የፈተናውን ወሬ በሰማን ማግስት በሩ ላይ ቆመው አወጁ።

"ማንም ሰው መጽሐፍ እንዳይገዛ! እኔ ሳላየው የሚገዛ ሰው፣ ኋላ እኔ የለሁበትም።"

ከዚያ ወዲያ የምሳ ሰዓታችን ተወረሰ። በዝናብ እየነዱን አውቶቡስ ማዞሪያው አጠገብ ወዳለው መጽሐፍ መደብር ያጉዙናል። ባለሱቁ ከሩቅ ሲያያቸው ጭንቅላቱን ይይዛል። "መጡ ደግሞ! ዛሬ የትኛውን ሊሰቅሉብኝ ነው ጋሼ?"

ክቡርነታቸው መሰላሉ ላይ ተቀምጠው ችሎት ይጀምራሉ። አንዱን ይገልጣሉ። "ይኼ ኮምፒውተርን ማን እንደፈጠረው ያወራል። እንጀራችን ሊወሰድ ነው፣ የሰውዬው ልደት ምን ያደርግልናል?" ሌላውን ያነሣሉ። "ይኼን የሚያውቅ ሰው ለሚያውቅ ጓደኛው ነው የጻፈው። ይጨዋወቱበት፤ እኛ ምን ቤት ነን?" ሦስተኛው ባለሥዕል ነው፤ ደስ አለንና ተንጠራራን። "ሥዕሉ የድሮው ሲስተም እኮ ነው! አሮጌ ግድግዳ ቀለም ቀብተው አዲስ ቤት ሊሉን ነው።" ባለሱቁ በጣም ተወዳጅ ነው ያለውን አንዱን ደግሞ በሁለት ጣት ይዘው መለሱለት። "በየገጹ ይቀልዳል። የሚቀልድ ቀዳጅ ሐኪም ሥር ተኝተህ ታውቃለህ?"

ከዚህ ሁሉ የተረፈ መጽሐፍ የመጨረሻው ጥያቄ ይጠብቀዋል። "ሲበላሽስ?" ይላሉ መጨረሻውን እየገለጡ። "ሲሠራማ ማን መጽሐፍ ይፈልጋል? ሲበላሽ ምን አድርጉ ይላል?" ይህቺን ጥያቄ ለመጽሐፍ ብቻ ቢተዉአት ጥሩ ነበር። ሒሳብ ሹሙ ልጃቸው መታጨቷን በደስታ ሲነግሯቸው "ሲበላሽስ?" ብለው ጠይቀው፣ ሰውየው ሰላምታቸውን ነሥተዋቸዋል።

ግን ምን ልበላችሁ፣ መምረጥስ ያውቁበታል! ለእያንዳንዳችን እንደ ጫማ ለክተው ነው የሰጡን። ገንዘብ ያዡ ተጠራጣሪ ስለሆነ እያንዳንዷ እርምጃ ከነምክንያቷ የተጻፈችበትን። ሾፌሩ ትዕግሥት ስለሌለው ስስ የሆነውን። ለእኔ ፊደሉ ጎላ ጎላ ያለ፣ በግራ ገጽ ሥዕል፣ በቀኝ ገጽ ሥራ ያለበት መረጡልኝ። "እህቴ፣ አንቺ የምታነቢው በጣትሽ ነው" አሉኝ፤ "ይኼ እየሠሩ የሚያነቡት ነው። የኋላውን ክፍል ደግሞ እንዳትዘይው።"

"የእርስዎስ ጋሼ?" አልኳቸው።

"እየፈለግኩ ነው። ለእኔ የሚሆነው ገና አልመጣም።"

አዳራሹ ውስጥ መለማመጃ ኮምፒውተር ተቀመጠልን። እኛ እየተፈራረቅን እንነካካለን፤ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከትከሻችን በላይ መጽሐፉን ያነቡልናል። አንድም ቀን ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም። ሻይ የምታመላልሰው ሴት አፏ አያርፍም። "ኧረ ጋሼ፣ አይነክስም እኮ! አንዴ እንኳ ዳሰስ ያድርጉት!"

"መጽሐፌ ይምጣ፣ እነካዋለሁ።"

እየሳቀች አልፋቸው ሄደች፤ እኔን ግን ጓዳ ጠርታ ነገረችኝ። ድሮ፣ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች የገቡ ጊዜ፣ አንድ ባለሙያ "ይጫኑት፣ ምንም አይሆንም" አላቸው። ተጫኑት። የጡረተኞቹ መዝገብ ጠፋ። የአንድ ሟች ዘበኛ ሚስት፣ ባሏ እዚህ መሥራቱን የሚያስረዳላት ነገር ታጥቶ፣ በመስኮታቸው ስትመላለስ ከረመች። ማስረጃው ሳይገኝ ሞተች። "ቀብሯ ላይ ከሁሉ ኋላ ቆመው አየኋቸው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በእሳቸው መሳቅ አቃተኝ።

የፈተናው ቀን ፀሐይ ወጣ። እኔ መሀል ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት አልንቀሳቀስ አለች። ከዚያ የመጽሐፌ የኋላ ክፍል በዓይኔ መጣ፤ ያለውን አደረግኩ፤ ተነሣልኝ። አለፍኩ።

ሊቀ ማውጫ ከጎኔ ነበሩ። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። ፈታኙ ልጅ እግር ነው፤ ክፋትም የለበትም። ጎንበስ አለላቸው።

"አባባ፣ ቀስቱን እዚህ ጋ ያምጡና ይጫኑ።"

"ሲበላሽስ ልጄ?"

"ኧረ ይጫኑት አባባ፣ ምንም አይሆንም!"

ሊነሣ የነበረው እጃቸው ተመልሶ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ሰዓቱ እስኪያልቅ እንዲያ ተቀመጡ። የመረጡላቸውን መጽሐፍ ያጠኑት ሁሉ አለፉ፤ መራጩ ብቻ ወደቁ።

ኮሪደሩ ላይ ደርሼ ክንዳቸውን ያዝኩ። እሳቸው ቀደሙኝ።

"መጽሐፉ ረዳሽ?"

"ረዳኝ ጋሼ። መሀል ላይ ቆሞብኝ ነበር።"

"ሲቆም የሚለው ክፍል ጥሩ ነው አይደል?" አሉ፣ ፊታቸው በራ። "ሌላው ላይ እንዲያ ተብራርቶ አልተጻፈም።" ከዚያ መሳቢያቸውን ሊያጸዱ ሄዱ። ማንም የስንብት ንግግር አላደረገም።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ፤ ልጆቼንም በዚያው አሳደግሁ። ዛሬ ሴት ልጄ ስልክ ገዝታልኝ "እማዬ፣ የምን መጽሐፍ ነው፣ ዝም ብለሽ ነካ ነካ አድርጊው" ትለኛለች። ቀላል ነው ለእሷ። እኔ እኚያን ነዝናዛ ሰውዬ እፈልጋለሁ። አጠገቤ ቆመው፣ አይሆንም፣ አይረባም፣ መልሺው እያሉ ምሳዬን ቢያስረሱኝ እወድ ነበር።

ሾፌሩ እንደነገረኝ፣ ታናሽ እህታቸው ዘንድ ነው ያሉት፤ ከአንድ ልብስ ስፌት ሱቅ በላይ ያለችው ክፍል ውስጥ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ደረጃውንም አይወርዱም። ይህን የሰማሁት አምና ነው፤ እኔም ደረጃውን እስከ ዛሬ አልወጣሁም።