በሆድ የከረመ አጥንት

«ከራስ በላይ ነፋስ» የምትለዋን ተረት መቼም የማያውቃት የለም። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሳት ለሌላው ላለመስጠት ሰበብ ስንፈልግ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ተረቷን በባለቤቴ በሰናይት ላይ ቃል በቃል እስካያት ድረስ።

አቃቂ ከምትሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወጥታ አስፋልት ስትሻገር ባጃጅ ገጫት። በጭንቅላቷ ወደቀች። አንጎሏ አብጦ ቦታ ስለጠበበው፣ ሐኪሞቹ የራስ ቅሏን ከፊሉን አነሱት። በአንጎሏና በነፋሱ መካከል ቆዳ ብቻ ቀረ።

«አጥንቱስ?» አልኩት ሐኪሙን።

«ሆዷ ውስጥ ነው» አለኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል። «ከሆዷ ቆዳ ሥር አስቀምጠነዋል። እብጠቱ ሲወርድ እንመልስላታለን። ለሰው ከገዛ አጥንቱ የበለጠ የሚስማማው የለም።»

እስቲ ይህንን ለጎረቤት ንገሩ!

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየማችን ስንመለስ አደጋውን ያልሰማ አልነበረም፤ የአጥንቱን ነገር ግን ዋጥ አደረግነው። ሰናይት ራሷን በሻሽ ጠቅልላ፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ ደረጃውን ቀስ እያለች ስትወጣ ያየ ሁሉ የመሰለውን ደመደመ። በተለይ ታች የሚኖሩት እማማ ዘነቡ። አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እግዜር ሲክስ እንዲህ ነው። ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ፣ አደራ» አሉኝ።

መናገር ነበረብኝ። ግን እኮ ከተጋባን ጀምሮ ቤታችን ያጣው ልጅ ነው፤ ያልተጠመቅንበት ጸበል፣ ያልተሳልንበት ደብር የለም። ለሰናይት ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ «ተዋቸው» አለችኝ፤ «ለጥቂት ጊዜ እንደዚያ ቢያስቡኝ ምን አለበት?»

ከዚያ ወዲያ እጇን ከሆዷ ላይ አታነሳም። አጥንቱን ነበር የምትጠብቀው። እኔ እንደዚያ ነው የማምነው።

ጊዜው ደርሶ አጥንቱን ከሆዷ አውጥተው ወደ ቦታው መለሱት። ያዘላት። ቤት ስትገባ ግን ሆዷ ጠፍጣፋ ነው። እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «አይዞሽ ልጄ፤ አምላክ ይተካልሽ» ሲሉ እንባ ቀደማቸው።

ሰናይት እጃቸውን ያዘችና፣ ከስፌቱ ራቅ አድርጋ ከሻሿ ሥር አስገባችው። «እማማ፣ ልጅ አልነበረም። ይኸው ይንኩት። የራሴ አጥንት ነው፤ ሆዴ ውስጥ አቆይተውልኝ ነበር።»

አሮጊቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ጠንከር ያለውን ሲያገኙ እጃቸው ቆመ። ይቆጣሉ፣ ካልሆነም ያፍራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። ግንባሯን ስመው፣ ለወለደች ሴት የሚባለውን አሉ፦

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

በማግስቱ ገንፎ ይዘው መጡ። ሰናይት ከቅቤው እያጠቀሰች በላች፤ እየበላች አለቀሰች። ከአደጋው ወዲህ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ስለ መዳኗ ይሁን ስላልመጣው ልጅ፣ አልጠየቅኋትም።